የሜዳው ሰያፍ

ስድስተኛውን ወረቀት አርማ ሰባተኛውን ስትስብ ቀዩ እስክሪብቶ እንቢ አለ። በአሮጌ ጋዜጣ ጠርዝ ላይ ሁለት ሦስቴ አሽከረከረችው፤ ቀለሙ ሲመለስ ሥራዋን ቀጠለች። የመምህራን ክፍሉ ጠረጴዛ አንድ እግሩ አጭር ስለሆነ ክንዷን በጫነችበት ቁጥር ይወዛወዛል። ከሥሩ የታጠፈ ካርቶን የሚያስገባለት ሰው ከጠፋ ዓመት አልፎታል። ሁሉም «እገሌ ያደርገዋል» ይላል፤ እገሌም እንደዚያው ይላል።

የስምንተኛ ክፍል የጂኦሜትሪ መምህርት ናት፤ እዚሁ ትምህርት ቤት አሥራ አንድ ዓመቷ። ዘንድሮ አዲስ ነገር ልሞክር ብላ ልጆቹን በዘጠኝ ቡድን ከፈለቻቸው። ለየቡድኑ አንድ ስልክ፣ በየስልኩ ላይ ከሰማይ የተነሣ የአካባቢው ካርታ። አንድ ቦታ በጣት ነክተው ሌላ ቦታ ሲነኩ ካርታው በመካከላቸው ያለውን ርቀት በሜትር ይነግራቸዋል። የትምህርት ቤቱን ሜዳ ፊቱን ለኩ፤ ጎኑን ለኩ፤ ሁለቱን በየራሳቸው አባዝታችሁ ደምሩ፤ የድምሩን ሥር አውጡ። ፓይታጎረስ እንዳለው፣ ያ ከጥግ ወደ ጥግ የሚያቋርጠው ሰያፍ ነው። ከዚያ ሰያፉን ራሱን በካርታው ለኩና አስተያዩ።

ሜዳውን የመረጠችው መልሱን በቃሏ ስለምታውቀው ነበር። ፊቱ ሰማንያ፣ ጎኑ ስልሳ፣ ሰያፉ መቶ። አንድ ስንዝር የማይተርፍ፣ አንድ ስንዝር የማይጎድል፣ ለጥቁር ሰሌዳ የተፈጠረ ሜዳ። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ በየመስከረሙ ሰሌዳው ላይ ስላዋለችው፣ ታላላቆቻቸው ለታናናሾቻቸው «የሷ መልስ ሁልጊዜ መቶ ነው» እያሉ እንደሚያስተላልፉት እንኳ ታውቃለች፤ ትስቅበታለች።

ስድስቱም ወረቀት መቶ ይላል። ሰባተኛው፣ የአራተኛ ቡድን ወረቀት፣ ግን በጥንቃቄ በተሰመረ ሠንጠረዥ ውስጥ እንዲህ ይላል፦ ፊት 80፤ ጎን 60.7፤ ሰያፍ በስሌት 100.4፤ ሰያፍ በካርታ 93።

«ኤዲያ!» አለች። ዘጠና ሦስቱ ላይ ትልቅ ቀይ ኤክስ አደረገችበትና ከጎኑ ጻፈች፦ «ተኝታችሁ ነው የለካችሁት? ስሕተት። እንደገና ይለካ።»

የስፖርት መምህሩ ፊሽካውን አንገቱ ላይ እንዳንጠለጠለ፣ ላቡን እየጠረገ ገባ።

«እህት ዓለም፣ ሰበሩት አልኩሽ!»

«ምኑን?»

«ሪከርዱን ነዋ! በላይኛው መስመር፣ ከጥግ እስከ ጥግ ሰማንያ ሜትር። ያ ያንቺ ክፍል ልጅ፣ ትራስ የሚሉት። አምና አሥራ ሦስት ሰከንድ ይፈጅበት የነበረው ዛሬ በአሥራ አንድ ተኩል ገባልሽ!»

«ትራስ? ሰሌዳ ለማጥፋት ሲነሣ የሚያዛጋው?»

«ክንፍ አወጣ! እሱ ብቻ መሰለሽ? ዘንድሮ ሁሉም እንደዚያው ናቸው። የአሠልጣኝ ጉዳይ ነው፤ የሚያውቅልኝ አጣሁ እንጂ።»

ስቃ ወደ ወረቀቷ ስትመለስ ርእሰ መምህሩ በበሩ አንገቱን አስገባ። ንግግሩን ሁሉ «አጨብጭቡ» ብሎ ስለሚጨርስ ተማሪዎቹ አጨብጭቡ ይሉታል።

«ዘጠኝ ሰዓት ላይ የግንቡ ርክክብ ነው። ጎረቤታችን ራሱ ይመጣል። ማኅተሙ ብቻ ነው የቀረው» አለና ሄደ።

ግንቡ የጎረቤቱ መጋዘን ባለቤት በረጅሙ የክረምት ዕረፍት ያሠራው ነው፤ በሜዳው ጎን፣ በሱ ግቢና በትምህርት ቤቱ መካከል። ወሰኑን ጠብቆ መሠራቱን የሚያረጋግጥ ሦስት ሰው ያለበት ኮሚቴ ተቋቁሞ ነበር፦ እሷ፣ የስፖርት መምህሩና የንብረት ክፍሏ ሠራተኛ። ባለፈው ሳምንት ርእሰ መምህሩ ኮሪደር ላይ አስቁሟት ወረቀቱን ሰጣት። «ፊት ሰማንያ፣ ጎን ስልሳ» ይላል። እሱንማ ከስሟ እኩል ታውቀዋለች። ደወል ተደውሎ ነበር፤ ወረቀቱን ግድግዳው ላይ አስደግፋ፣ ቆማ ፈረመች።

* * *

ከምሳ በኋላ ወረቀቶቹን ይዛ ክፍል ገባች። የእርማቱ ንዴት ገና አልወጣላትም።

«የአራተኛ ቡድን ጸሐፊ ማን ነው?»

አንዲት ቀጭን ልጅ ተነሣች። ቱንቢ ይሏታል። የግንበኛ ልጅ ናት። አባቷ የግድግዳን ቀጥ ማለት የሚያይበት፣ በክር የሚንጠለጠል የብረት ክብደት አለው፤ ስሙ ቱንቢ ነው። እሷም እንደሱ ናት ይላሉ፤ ብትገፋም ተመልሳ ቀጥ ትላለች።

«ምን ብዬ ነበር ያዘዝኳችሁ?»

«ለኩ ብለው፣ ቲቸር።»

«ታዲያስ?»

«ለካን።»

ክፍሉ ሳቀ። መምህርቷ ወረቀቱን አውለበለበችው።

«ዘጠና ሦስት! ይኼ ሜዳ እናንተ ሳትወለዱ መቶ ነበር!»

«የዚያን ጊዜውን አላውቅም ቲቸር። አሁን ግን ዘጠና ሦስት ነው።»

«ቲቸር፣ በአባቷ ቱንቢ ለክታ ነው!» አለ አንዱ ከኋላ። ሳቁ እንደገና ፈነዳ።

«ዝም በሉ! እንደዚህ ያለ ድርቅና እኔ ፊት አይሠራም። ስምንት ቡድን መቶ ሲያገኝ አንድ ቡድን ብቻ ዘጠና ሦስት? ስምንቱ ዕውር ናቸው? ነዪ ወደዚህ። ሁላችሁም እዩ፣ አለካክ ላሳያችሁ።»

ስልኳን ከፕሮጀክተሩ ጋር አገናኘችው። ሜዳው ግድግዳው ላይ ወጣ፤ ቡናማ አራት ማዕዘን፣ በቀኙ የአዲሱ ግንብ ነጭ መስመር፣ ከግንቡ ወዲያ የመጋዘኑ ቆርቆሮ። ራሷ በጣቷ የበሩን ጥግ ነካች። ከዚያ በሰያፍ ተሻግራ የላይኛውን የቀኝ ጥግ ነካች።

93።

አጥፍታ እንደገና ነካች። ስክሪኑን አስፍታ ጣቷን በጥፍሯ ጫፍ አሳረፈች።

92.9።

«ካርታው ነው» አለች። «እነዚህ ነገሮች ይሳሳታሉ።»

ቱንቢ ሰሌዳው አጠገብ ቆማለች። ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «ቲቸር፣ ፊቱን ሲለካ ልክ ነው። ጎኑን ሲለካ ልክ ነው። ሰያፉ ላይ ሲደርስ ብቻ ነው እንዴ የሚሰክረው?» አለች።

አሁን የሳቀ የለም። መምህርቷ ወደ መጀመሪያው ረድፍ ዞረች። የክፍሉ አንደኛ፣ ባለመነጽሩ ልጅ፣ ጠረጴዛውን እያየ ነው።

«የናንተ ቡድን በካርታው ስንት አገኘ?»

«መቶ።»

«ዐይኔን እያየህ ተናገር።»

መነጽሩን አወለቀ። ጠረገው። መልሶ አደረገው። «ዘጠና ሦስት።»

«እና መቶ ለምን ጻፍክ?»

«መልሱ መቶ ስለሆነ ነዋ፣ ቲቸር። እህቴም እርስዎ ጋ ስትማር መቶ ነበር።»

«እናንተስ?»

«ዘጠና ሦስት።»

«እናንተ?»

«ዘጠና ሁለት ከዘጠና… አጠጋጋነው።»

«ወደ መቶ ነው የሚጠጋጋው?»

ስምንት ቡድን፣ ሠላሳ ስምንት ልጅ፣ ዐይናቸው ያየውን ትተው ጆሯቸው የሰማውን ጽፈዋል። ደሟ ፈላ። እሳት ለብሳ እሳት ጎርሳ፣ «ምን ዓይነት ልጆች ናችሁ! ያላያችሁትን አየን ብላችሁ ትፈርማላችሁ?» ስትል፣ የገዛ ቃሏ መሀል ላይ ያዛት። ትፈርማላችሁ። ኮሪደሩ ትዝ አላት። ግድግዳው። የደወሉ ድምፅ።

ሰዓቷን አየች። ስምንት ከሩብ።

«ተነሡ» አለች። «ሁላችሁም። ወደ ሜዳ።»

* * *

የስፖርት መምህሩን ረጅም ሜትር ከስፖርት ዕቃ ክፍሉ አስወጣች። እሱም ነገሩ ምን እንደሆነ ሳይገባው ፊሽካውን እንዳንጠለጠለ ተከተላት። ወደ መንገዱ ጥግ ሄዱ፤ የፊቱ አጥርና አዲሱ ግንብ ወደሚገናኙበት። በዐይን ሲታይ ግንቡ ቀጥ ያለ፣ ያማረ ነው። ብሎኬቱ በብሎኬት ላይ ተስተካክሎ ተቀምጧል።

«ጥሩ ግንበኛ ነው የሠራው» አለች ቱንቢ፣ በመዳፏ እየዳሰሰችው። «ግን አባዬ ማዕዘን በዐይን አይታመንም ይላል።»

«በምን ይታመናል?»

«በሦስት፣ በአራት፣ በአምስት። የሚያስተምሩንን ነገር እሱ ስሙን አያውቀውም፤ ግን ቤት ሲጀምር ሁሌ በሱ ነው።»

ሦስት ሜትር በፊቱ አጥር ለክታ በጠመኔ ምልክት አደረገች። አራት ሜትር በግንቡ ለክታ ምልክት አደረገች። ጥጉ ቀጤ ማዕዘን ከሆነ በሁለቱ ምልክቶች መካከል አምስት ሜትር መሆን አለበት። ባለመነጽሩ ልጅ አንደኛውን ጫፍ ያዘ፤ መምህርቷ ራሷ ተንበርክካ ሌላኛውን ወጥራ አነበበች።

አራት ሜትር ከስልሳ ሦስት።

ቀሚሷ አቧራ ለብሷል። አልተነሣችም። ግንቡ ከመንገዱ ጥግ በትክክለኛው ቦታ ይነሣል፤ ከዚያ እያዘመመ፣ እያዘመመ ወደ ሜዳው ይገባል። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው ይባላል። ፊቱን የለካ ሰማንያ ያገኛል፤ ግንቡን የለካ ስልሳ ከምናምን ያገኛል፤ ሁለቱም ከወረቀቱ ጋር ይስማማል። የሚያጋልጠው ሰያፉ ብቻ ነው፤ ሰያፉን ደግሞ ማን ይለካዋል?

«የላይኛውን መስመር» አለች።

የሩጫው መስመር ነው። ከግራው ጥግ ጀምረው ሜትሩን ዘረጉ፤ ግንቡ ጋ ሲደርስ ሰባ አንድ አለ።

የስፖርት መምህሩ ቁጥሩን አየ። ወደ ግንቡ አየ። መልሶ ቁጥሩን አየ።

«ሰማንያ አይደለም እንዴ?»

«ዘጠኝ ሜትር ጎድሏል።»

«ታዲያ… ልጆቹ…»

ትራስ ከመሀል እጁን አወጣ። «ቲቸር፣ ሪከርዴስ?»

«የምን ሪከርድ! ሰባ አንድ ሜትር በአሥራ አንድ ተኩል የሮጠ፣ ሰማንያውን በአሥራ ሦስት ነው የሚሮጠው። ያው ትራስ ነህ!» አለ ባለመነጽሩ፣ ከዚህ ቀን ጀምሮ ለመለካት የማለ ይመስል። ልጆቹ ሳቁ። የስፖርት መምህሩ አልሳቀም፤ ፊሽካውን ከአንገቱ አውጥቶ ኪሱ ከተተው።

«ቆይ፣ እዚህ ጥግ ቧንቧ አልነበረም?» አለች ከልጆቹ አንዷ። «ከስፖርት በኋላ የምንጠጣበት?»

«ርእሰ መምህሩ ተበላሽቶ ተነሥቷል ብለውናል» አለ ሌላው።

ትራስ የተረፉ ብሎኬቶች ደራርቦ ወጣና በግንቡ ላይ አንገቱን አሻገረ።

«አለ» አለ። «ቧንቧው አለ። አንድ ሰውዬ እግሩን እየታጠበበት ነው።»

ሁሉም አንድ ጊዜ ማውራት ጀመሩ። መምህርቷ ግን ድምፃቸው አልተሰማትም። እስከዚህች ደቂቃ ድረስ «ስሕተት ይሆናል፣ ሜትሩ ተንሸራቶ ይሆናል» የሚል ትንሽ ተስፋ ነበራት። ቧንቧ ግን ተንሸራቶ አጥር አይዘልም። አይቶ «ተነሥቷል» ያለ ሰው አለ።

* * *

በሩን ሳታንኳኳ ገባች። ርእሰ መምህሩ ማኅተሙን ከሣጥኑ አውጥቶ፣ የቀለሙን ስፖንጅ እያረጠበ ነበር። ወረቀቱ ፊቱ ተዘርግቷል።

«እህቴ፣ ተቀመጪ።»

«ቆሜ ነው የፈረምኩት፤ ቆሜ ልናገር። ሜዳው ተቆርሷል።»

«የምን መቆረስ? ግንቡ ስንት ነው? ስልሳ። ፊቱ ስንት ነው? ሰማንያ። ሄደሽ ለኪ።»

«ለክቼ ነው የመጣሁት። ሰያፉ ዘጠና ሦስት ነው።»

«ሰያፍ!» ሳቀ። «እዚህ ወረቀት ላይ ሰያፍ የሚል የት አለ? ሰያፍ ለክቶ የሚያውቅ ማን ነው?»

«የስምንተኛ ክፍል ልጆች።»

ሳቁ ቀስ ብሎ ከፊቱ ወረደ። በመስኮቱ ወደ ውጭ አየ። አርባ ሦስቱም ልጆች ከመስኮቱ ሥር ተኮልኩለዋል፤ አንዳንዶቹ ሜትሩን እንደ እባብ ተሸክመውታል።

«ያውቁ ነበር?» አለችው።

«ምኑን?»

«ቧንቧው ተነሥቷል ያሉት እርስዎ ነዎት።»

የማኅተሙን እጀታ አሽከረከረ። ሲናገር ድምፁ ለስልሶ፣ ዘመድ መክሮ እንደሚመልስ ሰው ሆነ።

«ስሚኝማ። ሰውየው ከባድ መኪና ማዞሪያ ጠበበኝ አለ። ጥግ ላይ ነው። ኳስ የማይደርስበት ቦታ። ነገ ጎረቤት ለጎረቤት ያስፈልጋል። በተዘጋ አፍ ዝንብ አይገባም፤ ምን አስለፈለፈሽ?»

«ሁለት መቶ ሰባ ካሬ ሜትር ነው። አራት መማሪያ ክፍል ይወጣዋል። እኔ ክፍል ልጆቹ በአንድ ዴስክ አራት አራት ሆነው ነው የሚቀመጡት!»

«አትጩሂ።»

«እጮኻለሁ!»

«ጩሂ እንግዲያው» አለ፤ ልስላሴው አለቀ። «ግን ማን ላይ እንደምትጮኺ እወቂ። ቀድሞ የፈረመ ማን ነው? አንቺ። የስፖርቱ 'ጂኦሜትሪዋ ከፈረመችማ' ብሎ ፈረመ። የንብረት ክፍሏ ሁለታችሁን አይታ ፈረመች። ወረቀቱን በመጀመሪያ ላንቺ ለምን የሰጠሁ ይመስልሻል? ቁጥሩን ስታይ ቀና እንደማትዪ አውቅ ነበር። አሥራ አንድ ዓመት ሰማንያ፣ ስልሳ፣ መቶ ስትዪ በግድግዳው እሰማሻለሁ።»

ይህ ከግንቡ ይልቅ መታት። ሌባ ከውጭ ገብቶ ቢሰርቃት አንድ ነገር ነው፤ እሱ ግን የገዛ አፏን ቁልፍ አድርጎ ነው የገባው። የተናገረውም ሁሉ እውነት ነበር።

«እስቲ ይስጡኝ» አለች።

«ምኑን?»

«ፊርማዬን ልየው።»

አሸነፍኳት ብሎ ይሁን ወይም ልጆቹን እያየ ልቡ ተከፍሎ፣ ወረቀቱን ወደ እሷ ገፋው። መምህርቷ ከጆሮዋ ላይ እስክሪብቶ አወረደች። እርማት ስትጨርስ የሰካችው፣ የረሳችው ቀይ እስክሪብቶ ነው። ፊርማዋ ላይ ትልቅ ኤክስ አደረገች። ከጎኑ፣ ጠዋት በጻፈችበት በዚያው እጅ ጻፈች፦

«ስሕተት። ሰያፉ 93 ነው። እንደገና ይለካ።»

ርእሰ መምህሩ ከወንበሩ ተነሣ። «በቀይ!» አለ፤ ትንፋሹ ቁርጥ እያለ። «በሕጋዊ ሰነድ ላይ… በቀይ!»

«ሌላ ቀለም አልያዝኩም።»

«ሰውየው እኮ መንገድ ላይ ነው! ምን ብዬ ላሳየው ነው?»

«ሜትር ይስጡት።»

«የዲሲፕሊን ደብዳቤ ነው የምጽፍልሽ! ከዚህ ትምህርት ቤት…»

«ይጻፉ። ሲጽፉ ግን ሳይለካ የፈረመች ብለው ይጻፉ፤ ሐሰት እንዳይሆንብዎ። እኔም ዛሬውኑ ለበላይ ቢሮ እጽፋለሁ። የልጆቹን ልኬት አያይዤ።»

ከመስኮቱ ሥር አንድ ልጅ፣ ትራስ ሳይሆን አይቀርም፣ «አጨብጭቡ!» አለ። አርባ ሁለቱ አጨበጨቡ። እሷ ግን ዞራ አላየችም፤ ጭብጨባው ለሷ እንደማይገባት ታውቃለች።

* * *

የመምህራን ክፍሉ ባዶ ነበር። የስፖርት መምህሩ ብቻ መጥቶ፣ ፊቷ ቆሞ፣ «የኔንም ፊርማ ሰርዢው» አለ።

«ራስህ ሰርዘው። ወረቀቱ እዚያው ነው።»

«ቀዩን አውሺኝ።»

«ጥቁርም ይሰርዛል» አለችው። ሳይከራከር ሄደ። ኮሪደሩ ላይ እርምጃው የርእሰ መምህሩ ቢሮ በር ላይ ሲቆም፣ ከዚያ በሩ ሲከፈት ሰማች።

ለበላይ ቢሮ የሚሄደውን ደብዳቤ ጽፋ ጨረሰች። አጭር ነው። የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር «ሳልለካ ፈርሜያለሁ» ይላል። ሁለት ጊዜ ልትቀይረው አሰበች፤ ሁለቴም ተወችው። ከዚያ ማስረጃውን ለማያያዝ ዘጠኙን ወረቀት ሳበች፤ እጇም አየር ላይ ቆመ።

ዘጠኝ ማስረጃ የላትም። ስምንቱ መቶ ይላሉ፤ ስምንቱም በራሷ እጅ ራይት ተደርጎባቸዋል። ያላት አንድ ወረቀት ብቻ ነው፤ እሱም ላይ ትልቅ ቀይ ኤክስ አለበት።

ንዴቱ አልበረደላትም። ይልቅ አሁን የት እንደሚቀመጥ ያወቀ ንዴት ሆነ። ስምንቱን አንድ በአንድ ወሰደች። በየራይቱ ላይ መስመር ጎተተችና «ያያችሁትን ጻፉ» ብላ ጻፈች፤ ስምንት ጊዜ፣ ሳታሳጥር። በመጨረሻ የአራተኛ ቡድንን አነሣች። ጠረጴዛው ስለሚወዛወዝ ወረቀቱን መስኮቱ ደፍ ላይ ዘረጋችው። ኤክሱን ሰረዘች። «ተኝታችሁ ነው» የሚለውን ሰረዘች። ከሥሩ «ትክክል። የተኛችው አራሚዋ ነበረች» ብላ ጻፈችና ቀኑን አድርጋ ፈረመች። ቀለሙ እስኪደርቅ እፍ አለችበት።

ነገ ለቱንቢ የምትመልስላት ግልባጭ ያስፈልጋታል፤ በስልኳ ፎቶ አነሣችው። ዋናውን ከደብዳቤው ጋር በአግራፍ አያያዘች፣ ፖስታ ውስጥ ከተተች፣ ጠርዙን አርጥባ አሸገች። ስምንቱን ወረቀት መሳቢያ ውስጥ ከተተችና በጉልበቷ ገፍታ ዘጋችው። ቀዩን እስክሪብቶ ከደነችና ከፖስታው ጎን አስቀመጠችው።